ሕጉ የተወው፣ ቤቱ ያልተወው

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ሾሞ ነበር። ጥቂት ዝቅ ብሎ አንቀጽ 645 እያንዳንዱ ተጋቢ የመረጠውን ሥራ መሥራት እንደሚችል ከፈቀደ በኋላ፣ ለትዳሩ ጥቅም ሲባል አንደኛው ወገን የሌላውን ሥራ ሊቃወም እንደሚችል ይደነግጋል፤ አንቀጽ 646 ደግሞ ባል ለሚስቱ አገልጋይ የሚያቆምበት አቅም ከሌለው የቤቱን ሥራ እርሷ ራሷ የመሥራት ግዴታ እንዳለባት ያስቀምጣል። የመቃወሙ መብት በቃሉ ለሁለቱም የተሰጠ ይምሰል እንጂ፣ አንደኛው ወገን የቤቱ ራስ በሆነበት ሕግ ውስጥ በተግባር የማን መሣሪያ እንደሚሆን ለመገመት የሕግ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ከሦስቱ አንቀጾች ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የመጨረሻው ነው፤ ሕግ አውጪው የቤት ሥራ በሚስት ወይም በአገልጋይ እጅ እንደሚሠራ ብቻ አስቦ ነበርና፣ በዚያው ቤት የሚኖር ሦስተኛ ሰው መኖሩ ትዝ ያለው አይመስልም።

እነዚህ ድንጋጌዎች አርባ ዓመት ኖረው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ተሻሩ። አዲሱ ሕግ የባልን የቤተሰብ ራስነት አስቀርቶ ተጋቢዎች ቤታቸውንና የጋራ ንብረታቸውን በእኩልነት እንዲያስተዳድሩ አደረገ፣ ባል ሚስቱን ከሥራ የሚያስቀርበትን ሕጋዊ መንገድ ዘጋ፣ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜም ከ15 ወደ 18 ዓመት ከፍ አደረገ። ለለውጡ አስቀድሞ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 መሠረት ጥሎለት ነበር፤ ከዚያም በ1980ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የማሻሻያ ሐሳቦችን በማዘጋጀትና ክርክሩን ወደ አደባባይ በማውጣት ጉልህ ሥራ ሠርቷል። አዋጁ በቀጥታ የሚፈጸመው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ስለነበረ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ማውጣት ነበረባቸው፤ የአማራ ክልል የራሱን በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አጽድቋል።

ሕጉ በሁሉም ቦታ በአንድ ቀን ሥራ ላይ አለመዋሉ ለተመራማሪዎች ያልታሰበ በር ከፈተ። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ሜሪ ሃልዋርድ ድሪማየር እና ኡስማን ጋጂጎ ሕጉ ቀድሞ የደረሰባቸውን አካባቢዎች ገና ካልደረሰባቸው ጋር በማነጻጸር ባቀረቡት ጥናት፣ ለውጡ በደረሰባቸው ቦታዎች ሴቶች ከቤት ውጭ በሚሠሩ፣ ደመወዝ በሚከፈልባቸው፣ ሙሉ ጊዜ በሚጠይቁና የተሻለ ትምህርት ባላቸው ሰዎች በሚሠሩ ሥራዎች የመሰማራታቸው ዕድል ከሌሎቹ ይልቅ መጨመሩን አሳይተዋል። ሕግ ባህልን አይለውጥም የሚለው የተለመደ አነጋገር በዚህ ጥናት ፊት እንደ ቀድሞው አፍ ሞልቶ የሚነገር አይደለም። የሆነ ሆኖ ሕጉ ከፈታው የቀረ ሌላ ቋጠሮ አለ፤ እርሱን ለማየት ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ከሰሚት የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ሰሚት ከቦሌ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ፣ በሲኤምሲ፣ በጎሮና በአያት መካከል የሚገኝ፣ በአብዛኛው ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት የተገነባ ሰፈር ነው። የባንክ ሠራተኞች፣ የአየር መንገድ ባልደረቦች፣ የግብረ ሰናይ ድርጅት ባለሙያዎች፣ መምህራን፣ ነጋዴዎችና ከውጭ የተመለሱ ቤተሰቦች በኮንዶሚኒየምና በግል ቤቶች ተደባልቀው የሚኖሩበት በመሆኑ፣ ባልም ሚስትም ማለዳ ወጥተው ማታ የሚገቡበት ቤት ብርቅ አይደለም። የኮንዶሚኒየም ቤቶች በዕጣ ሲተላለፉ 30 በመቶው ለሴቶች ብቻ ተለይቶ ይወጣ ስለነበረ፣ በስሟ የቤት ካርታ ያላት ሴትም በሰፈሩ ብዙ ናት። በ1952ቱ ሕግ ዓይን ሲታይ ይህ ሁሉ አብዮት ነው። ነገር ግን ወደ ውስጥ ጠልቆ ለሚመለከት፣ ያቺ ባለ ደመወዝና ባለ ካርታ ሴት ከቤት መውጣት የቻለችው የቤት ሥራው ከባሏ ጋር ስለተከፋፈለ ሳይሆን ለሌላ ሴት ስለተላለፈ ነው። አንቀጽ 646 ከሕግ መጽሐፍ ተሰረዘ፤ ከቤቱ ግን አልተሰረዘም።

ከቤቱ ያልተሰረዘው በሴት የሥራ ሕይወት ላይ የሚያሳድረውን ለማየት ሁለት ቃላትን መፍታት ይጠቅማል። የሙያ እድገት የሚባለው አንድ ሰው ሥራ ከመምረጡ በፊት ካለው ዝግጅት ጀምሮ እስከ ጡረታ ድረስ በሥራ ሕይወቱ የሚያልፍበት መንገድ ነው፤ ትምህርት፣ ቅጥር፣ የደረጃ እድገት፣ ዝውውር፣ ሥልጠና፣ አንዳንዴም ሥራ አቋርጦ መመለስ በውስጡ ይገኛሉ። ሥርዓተ ፆታ ደግሞ ወንድና ሴት በተፈጥሮ ያላቸውን ልዩነት ሳይሆን ማኅበረሰቡ በዚያ ልዩነት ላይ የገነባውን የሥራ፣ የጠባይና የሥልጣን ክፍፍል ያመለክታል። ባህል ይህን ክፍፍል የሚያስተምረው ቃል በቃል እያስጠና አይደለም፤ አብዛኛውን የሚያስተላልፈው ማን ውኃ እንደሚቀዳ፣ ማን ቀድሞ እንደሚበላ፣ እንግዳ ሲመጣ ማን ከመቀመጫው እንደሚነሣ በማሳየት ነው።

ይሁንና የአገሩ ባህል አንድ ወጥ ድምፅ ያለው አድርጎ መሳል ስሕተት ይሆናል። «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ያወረሰው የሰሜኑ ማኅበረሰብ፣ ሴት ልጅ ከአባቷም ከእናቷም ወገን ርስት እንድትወርስ የፈቀደ፣ በሰማንያ ጋብቻ የተጋቡ ሲፋቱም ሴቲቱ ድርሻዋን ይዛ እንድትወጣ ያደረገ ማኅበረሰብ ነው፤ በርስቷ ጉዳይ ዳኛ ፊት ቆማ የምትሟገት ሴትም እንግዳ አልነበረችም። አዲስ አበባ ስትቆረቆር በእቴጌ ጣይቱ ምርጫ ነበር፤ ከተማዪቱ ባደገችባቸው የመጀመሪያ ዓመታትም ጠላ ጠምቀው፣ ጠጅ ጥለው፣ እንጀራ ሸጠው ራሳቸውንና ልጆቻቸውን ያኖሩ ሴቶች የንግዱ ሕይወት ትልቅ አካል ነበሩ። ባህሉ ሴትን ሥራ ከልክሎ አያውቅም፤ እንዲያውም ከወንዱ ይልቅ አብዝቶ አሠርቷታል ማለት ይቻላል። የከለከላት ከሥራው የሚገኘውን ማዕረግ ነው፤ ጠላ መጥመቅ የሴት ወግ ሆኖ ሲቆጠር ዳኝነት፣ ሹመትና የአደባባይ ንግግር ግን ሙያ ተብለው ለወንድ ተለይተዋል።

ልጆች ይህን መለያየት የሚማሩት ገና ፊደል ሳይቆጥሩ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ሊንዳ ጎትፍሬድሰን በ1981 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባቀረበችው ጽንሰ ሐሳብ፣ ልጆች ወደፊት የሚሆኑትን የሚያስቡት ፍላጎታቸውን እያሰፉ ሳይሆን ለእኔ አይሆንም የሚሉትን እያስወገዱ መሆኑን አስረድታለች፤ ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ዕድሜ ለጾታቸው አይመጥንም ብለው የሚያምኑትን ሥራ ከሐሳባቸው ያወጡታል፣ የወጣውም በኋላ ተመልሶ የሚታሰበው በጥቂቱ ነው። ናንሲ ቤትዝ እና ጌይል ሃኬት በዚያው ዓመት ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ሴቶች የወንድ ነው በሚባል የሙያ መስክ ውጤታማ እንሆናለን ብለው በራሳቸው ላይ ያላቸው እምነት፣ ምሁራኑ በራስ ችሎታ መተማመን የሚሉት፣ ማነሱ ከእውነተኛ ችሎታቸው ይልቅ ምርጫቸውን እንደሚያጠብበው ጽፈዋል። ሁለቱም ጥናቶች የተሠሩት አሜሪካ ውስጥ ቢሆንም፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዩኒፎርሟን አውልቃ በቀጥታ ወደ ኩሽና የምትገባ ልጅና ደብተሩን ወርውሮ ኳስ ፍለጋ የሚወጣ ወንድሟ ባሉበት ቤት ውስጥ ማብራሪያ የሚሻ ነገር የላቸውም። ልዩነቱ ሁለት ሰዓት የጥናት ጊዜ ብቻ አይደለም፤ የማን ጊዜ ዋጋ እንዳለው የሚሰጠው ትምህርት ነው።

በገጠሩ ደግሞ ጉዳዩ ከሁለት ሰዓት ያልፋል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያት መካከል ግማሾቹ ያገቡት 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው መሆኑን ሲያሳይ፣ ለወንዶች ይኸው ቁጥር 23.7 ነው። ወንዱ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ በሚያስብበት ዕድሜ ሴቲቱ የቤት እመቤትና እናት ሆና ዓመታት አልፈዋታል ማለት ነው። ይህን መቀየር እንደሚቻል ግን ከባሕር ዳር አቅራቢያ ሞሰቦ በተባለ ቀበሌ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመት የተሞከረው «ብርሃነ ሔዋን» የተሰኘ ፕሮግራም አሳይቷል፤ ልጃገረዶቹ እንዲማሩና በቡድን እንዲገናኙ፣ ልጃቸውን ሳይድሩ ለቆዩ ቤተሰቦችም በመጨረሻ አንድ የቤት እንስሳ እንዲሰጣቸው በማድረግ ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ የጋብቻው መጠን በጉልህ ቀንሷል። ለዘመናት የኖረ ወግ በትምህርት ቁሳቁስና በአንድ የቤት እንስሳ መነቃነቁ፣ ወጉን ያቆመው እምነት ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ኢኮኖሚም እንደነበረ ይናገራል።

የዘመናዊ ትምህርቱም ታሪክ ቢሆን ሁለት ልብ ነበረው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለሴቶች የመጀመሪያውን ሰፊ በር ቢከፍትም፣ ከቀለሙ ጎን የቤት አያያዝና የእጅ ሥራ ትልቅ ቦታ ይዘው ነበር፤ ዓላማው የተማረች ባለሙያ ማፍራት ብቻ ሳይሆን ለተማረ ሹም የምትመጥን ሚስት ማዘጋጀትም ነበርና። ያንኑ ትምህርት ቤት ግን ርእሰ መምህርት ሆነው ያስተዳደሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1950 ዓ.ም. ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ። ትምህርት የተሰጠበት ዓላማና ትምህርት የሚያደርሰው ቦታ አንድ ሆነው አያውቁም።

ወደ ሰሚት ስንመለስ፣ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ የያዘችው ሴት የሚጠብቃት ፈተና ሌላ መልክ አለው። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ዙሪያ ሴቶች ክፍያ ለማይገኝበት የቤትና የእንክብካቤ ሥራ በቀን በአማካይ 4 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ሲያውሉ ወንዶች የሚያውሉት 1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ መሆኑን አስታውቋል። በአዲስ አበባ ቤት ይህ ሰዓት የሚያልፍበትን መንገድ ማንም ያውቀዋል፤ ሊጥ ማቡካት፣ እንጀራ መጋገር፣ ሽንኩርት መክተፍ፣ ውኃ የሚመጣበትን ቀን ጠብቆ ሮቶና ጀሪካን መሙላት፣ መብራት በሌለበት ቀን እራቱን ቀድሞ ማሰብ፣ ልጅ ማስጠናት፣ ያመመውን ሐኪም ቤት መውሰድ። በዓል ሲመጣ ደግሞ ዋዜማው ራሱን የቻለ የሥራ ፈረቃ ነው፤ ቢሮው እስከ ምሽት የያዛት ሴት ዶሮዋን በብልቷ አወራርዳ፣ ሽንኩርቷን አቁላልታ፣ ቅቤዋን አንጥራ የበዓሉን ማዕድ እስክታደርስ ሌሊቱ ይነጋጋል፣ እንግዳውም የሚያመሰግነው የቤቱን ጌታ ነው። ለቅሶ፣ እድር፣ ማኅበር፣ ክርስትናና ሰርግ ሲታከሉበት ሳምንቱ ቅዳሜና እሁድ የሚባል ነገር የለውም። እነዚህ ግዴታዎች ማኅበረሰቡን አንድ አድርገው የያዙ ክቡር ትስስሮች ናቸውና መጥፋት አለባቸው የሚል ጤነኛ ሰው የለም፤ ወጪያቸው በማን ጊዜ እንደሚከፈል መጠየቅ ግን ተገቢ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ይሉኝታ አለ። ሰሚት ውስጥ ዕቃ የሚያጥብ፣ ልጅ የሚያዝል፣ ገበያ ወጥቶ ቲማቲም የሚመርጥ ባል የለም ማለት ሐሰት ነው፤ ቁጥሩም ከዓመት ዓመት የሚጨምር ይመስላል። ነገር ግን ይህን የሚያደርገው ብዙ ጊዜ መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ነው፤ እናቱ ከክፍለ ሀገር ስትመጣ ወይም ጓደኞቹ ቤት ሲገቡ ከኩሽናው ይወጣል፣ ሚስቱም ራሷ ሰው እንዳይታዘባት ብላ ታስወጣዋለች። ባህል በቤት ውስጥ ያለውን እውነተኛ የሥራ ክፍፍል ሳይሆን የሚታየውን ስለሚቆጣጠር፣ የተለወጠው ኑሮ እንኳ ተደብቆ ይኖራልና ለሌላው ምሳሌ አይሆንም።

በ2023 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ክላውዲያ ጎልዲን የሁለት መቶ ዓመት የአሜሪካ መረጃ መርምራ የደረሰችበት መደምደሚያ ለዚህ ይጠቅማል። በእርሷ ጥናት መሠረት ዛሬ በወንድና በሴት ደመወዝ መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው የሚፈጠረው አንድ ዓይነት ትምህርትና አንድ ዓይነት ሙያ ባላቸው ሰዎች መካከል ነው፤ የሚጀምረውም የመጀመሪያው ልጅ ሲወለድ ነው። ምክንያቱ አንዳንድ ሥራዎች ሰዓት የማይጠግቡ መሆናቸው ነው፤ ማታ የሚያመሽ፣ ቅዳሜ የሚገኝ፣ መስክ ውጣ ሲባል ሻንጣውን የሚያነሣ ሠራተኛ ከሌላው ይልቅ አብልጦ ይከፈለዋል፣ ከፍ ከፍም ይላል። ባልና ሚስት ሁለቱም እንዲህ ያለ ሥራ ቢይዙ ልጁን የሚያይ አይኖርምና አንዳቸው ለቀቅ ያለውን ሥራ ይመርጣሉ፤ የምትመርጠው ማን እንደሆነች ባህል አስቀድሞ ወስኖታል። በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች መስክ ማለት የውሎ አበል፣ ልምድና የአለቃ ትውውቅ ስለሆነ፣ ሕፃን ልጅ ስላላት መስክ የማትወጣ ባለሙያ የምታጣው የጉዞውን አበል ብቻ አይደለም፤ ለቡድን መሪነት በሚደረገው ውድድር የሚጠየቀውንም ልምድ ነው። ከሥራ ሰዓት በኋላ በማኪያቶና በድራፍት ዙሪያ የሚጠነሰሰው የሥራ ወሬም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሕጉ ለእናቲቱ በመጠኑ አስቦላታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃድን ከቀድሞው 90 ቀን ወደ 120 ቀን ከፍ አድርጎ፣ 30ውን ከወሊድ በፊት፣ 90ውን ከወሊድ በኋላ እንድትወስድ ፈቅዷል፤ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ደግሞ መሥሪያ ቤቶች እናቶች ልጃቸውን የሚያጠቡበትና የሚያቆዩበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ግዴታ ጥሎባቸዋል። በዚያው በአዋጅ 1156 ለአባት የተሰጠው ፈቃድ ግን ሦስት ተከታታይ ቀናት ነው። ሦስት ቀን መስጠቱ ከዚህ በፊት ከነበረው ባዶ ይሻላል፤ ሆኖም 120 ለ3 የሆነው ስሌት ለአሠሪው የሚያስተላልፈው መልእክት ግልጽ ነው። ሴት ሲቀጥር የሚጠብቀውን ወጪ በወንዱ ላይ ስለማያየው፣ ያገባሽ ነሽ ወይስ ያላገባሽ የሚለው ጥያቄ በቃለ መጠይቅ ጠረጴዛ ዙሪያ መንሸራሸሩን አይተውም። እናትን ለመጠበቅ የወጣ ድንጋጌ አባትን ነፃ ካወጣ፣ ሳያስበው ልጅ የሴት ጉዳይ ነው የሚለውን አሮጌ ፍርድ ያጸናዋል።

ወደ አመራር ስትጠጋ የሚገጥማት መሰናክል የበለጠ ረቂቅ ነው። ሽብሩ አያሌውና የሙያ አጋሮቹ ኢትዮጵያ ውስጥ በቢሮ ሠራተኞች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ አንድ ዓይነት ምክር ከወንድ መሪ ሲመጣና ከሴት መሪ ሲመጣ የሚሰጠውን ምላሽ አነጻጽረው፣ ምክሩ ከሴት የመጣ ሲሆን የሚከተሉት ሰዎች በ10 በመቶ ያህል እንደሚያንሱ አግኝተዋል። መሪዋ ከፍተኛ ሥልጠናና ብቃት እንዳላት አስቀድሞ ሲነገራቸው ግን ክፍተቱ ጠፋ። ይህ ግኝት ሁለት ነገር ያሳያል፤ አንደኛ፣ እንቅፋቱ የሚመጣው ከላይ ካሉ ሹማምንት ብቻ ሳይሆን ከሥር ካሉ ታዛዦችም ነው፤ ሁለተኛ፣ ወንዱ በነፃ የሚያገኘውን አመኔታ ሴቲቱ በማስረጃ መግዛት አለባት። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ላላቸው ሴት ተወዳዳሪዎች ቅድሚያ እንዲሰጥ ሲደነግግ መልካም ነገር አደረገ፤ ይሁን እንጂ በቢሮው ኮሪደር «በሴትነቷ ነው» የሚባለው ወሬ የብቃት ማስረጃዋን ስለሚያደበዝዝ፣ አዋጁ በአንድ እጅ የሰጣትን ሐሜቱ በሌላው ይቀበላታል። በጥቅምት 2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ግማሽ አባላት ሴቶች ሲሆኑ፣ ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ርእሰ ብሔር፣ ቀደም ሲል የሴት የሕግ ባለሙያዎችን ማኅበር ካቋቋሙት አንዷ የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ የታየው ደስታም ከዚህ ጥርጣሬ ጋር ጎን ለጎን ነበር የሄደው።

አየር መንገዱ ለዚህ ጥሩ መስታወት ነው፤ የሰሚትና የቦሌ ነዋሪ ደግሞ አውሮፕላኑን በየቀኑ ከራሱ በላይ ያየዋል። ወይዘሮ ሙሉእመቤት እምሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት የበረራ ትምህርት ጀምረው ነበር፤ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆነችው ግን በጥቅምት 2003 ነው። በሁለቱ መካከል ከሰባ ዓመት በላይ አለ። በኅዳር 2008 ደግሞ ወደ ባንኮክ የተደረገ በረራ ከአብራሪዎቹ እስከ መስተንግዶው በሴቶች ብቻ ተካሄደ። የመጀመሪያዋ ስትገኝ ሁለተኛዋ ሰባ ዓመት መጠበቅ አይኖርባትም፤ ልጆች ከስድስት እስከ ስምንት ዓመታቸው ከሐሳባቸው ያወጡትን ሥራ መልሶ የሚያስገባላቸው በዓይን የታየ ሰው ነውና።

ከሰሚት ብዙም ሳይርቅ፣ በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሌላ ዓይነት የሥራ ሕይወት ያሳያል። በልብስ ስፌትና በጫማ ፋብሪካዎቹ የሚሠሩት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች፣ ብዙዎቹም ከክልል የመጡና በአካባቢው ክፍል ተጋርተው የሚኖሩ ናቸው። ሴቶች የሚመረጡት ጣታቸው ቀልጣፋ፣ ጠባያቸው ታዛዥ ነው በሚል ግምት ነው፤ ግምቱ ራሱ ባህል ቤት ውስጥ የሠራው ሥራ ውጤት ሲሆን፣ ፋብሪካው ዋጋ ሳይከፍልበት ይጠቀምበታል። በግሉ ዘርፍ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ የሚከፈለው ክፍያ ከቤት ኪራይና ከምግብ ብዙ አይተርፍም። ክሪስቶፈር ብላትማን እና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ ፋብሪካዎች ሥራ ካመለከቱ ሰዎች መካከል በዕጣ የተመረጡትን ተከታትለው በሠሩት ጥናት፣ ሲሶ የሚጠጉት በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ በዓመቱ ውስጥ መልቀቃቸውን አግኝተዋል። ሴቶች ሥራ አይወዱም የሚል ካለ ይህን ቁጥር ሌላ ጊዜ ያንብበው፤ መሰላሉ ከሁለተኛው ደረጃ በላይ በሌለበት ቦታ ሰው መሰላል ሥር ቆሞ የሚቀርበት ምክንያት የለውም። አሜሪካ ለኢትዮጵያ ሰጥታው የነበረውን ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ስትነሣ ቀድመው የተጎዱትም እነዚሁ የስፌት ሠራተኞች ነበሩ።

የቀረችው ሦስተኛዋ ሴት ናት፤ በሰሚቱ ቤት ውስጥ አንቀጽ 646 አገልጋይ ሲል የጠራት። የቤት ሠራተኛዋ ብዙ ጊዜ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ ወይም ከሌላ ገጠር በዘመድ ወይም በደላላ አማካይነት የመጣች፣ ትምህርቷን ያቋረጠችና ዕድል ከቀናት ማታ የምትማር ወጣት ናት። የእመቤቷ የሙያ እድገት በእርሷ ላይ የቆመ ቢሆንም የእርሷ ሥራ እንደ ሙያ አይቆጠርም፤ ለግል አገልግሎት የሚደረግ ውል ስለሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። የሥራ ሰዓት፣ የሳምንት ዕረፍት፣ የወሊድ ፈቃድ የሚባሉት መብቶች ለእመቤቷ ቢሮ ሲደርሱ ከቤቷ ደፍ ላይ ይቆማሉ። አንድ ሴት 120 ቀን ፈቃድ ወስዳ ስትወልድ ሌላዋ ባረገዘች ማግስት ሻንጣዋን ይዛ የምትወጣበት ቤት አንድ ቤት ሲሆን፣ ሴቶች ሲባል በአንድ ድምፅ የሚወራው ሁሉ መጠርጠር አለበት።

ይህ ሥርዓት ለብዙ ጊዜ ጸንቶ የሚቆይ ይመስል ነበር። ጥቅምት 2006 ላይ መንግሥት ወደ ዐረብ አገሮች ለቤት ሥራ የሚደረገውን ጉዞ አግዶ በ2010 ዓ.ም. እገዳውን ሲያነሣ፣ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀችና የሠለጠነች ሴት በሕጋዊ መንገድ እንድትሄድ በር ተከፈተ። ፋብሪካውም በበኩሉ በወር መጨረሻ የታወቀ ደመወዝና የእሁድ ዕረፍት አለው። ስለዚህ በሰሚት፣ በሲኤምሲና በአያት «ሠራተኛ ጠፋ» የሚለው ምሬት የቡና ላይ ወሬ ሆኗል፤ የተገኘችውም ደመወዟን፣ የዕረፍት ቀኗንና የማታ ትምህርቷን ፊት ለፊት ትደራደራለች። እመቤቲቱ በአንድ በኩል ትማረራለች፤ በሌላ በኩል ደግሞ የምትሰማው ድርድር እርሷ ራሷ በቢሮዋ ለመናገር የሚከብዳት ድርድር ነው። ሠራተኛዋ ሳትገኝ በቀረች ሳምንት ልጁን ከትምህርት ቤት ማን ያመጣዋል፣ ሊጡንስ ማን ያቦካዋል የሚለው ጥያቄ ወደ ሁለት ሴቶች ብቻ ይሄድ ከነበረበት መንገድ ወጥቶ፣ ሕጉም ወጉም ትዝ ወዳላላቸው ወደ ሦስተኛው ሰው ዘወር ማለት ጀምሯል።